ተገፍታ የማትነሳው መኪና

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ ልቤ ቀድሞኝ ወረታ ይገባል። በቀደም ዕለት ባሕር ዳር ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ፣ አሸዋ የጫነ አሮጌ መኪና ዳገቱ ላይ እያቃሰተ ቆመና ያ እንደ ተለበለበ ጠጉር ያለ መራራ ሽታ መጣ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ እኔ ግን ታክሲው መጥቶ እስኪያልፈኝ ድረስ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ልጅ ሳለሁ የአባቴ ኮት ሽታ ነበር።

አባቴ ይርጋ ሾፌር ነበር። አንዲት ያረጀች ፒካፕ ነበረችው፤ በበጋ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ሲያልቅ፣ በየቀበሌው እየዞረ የገበሬውን ሩዝ ጭኖ ወረታ ወዳሉት መፈልፈያዎች ያመጣ ነበር። ከርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ጭኖ ወደ ይፋግ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ወደ ሐሙሲትም ይወርድ፣ ወደ አንበሳሜም ይወጣ ነበር። የመኪናዋ ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ይመስለኛል፤ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ይገፋት ነበርና። አባዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ግፉ!» ይላል፣ ሰዉ ይገፋል፣ መኪናዋ ትንሽ እንደ ሮጠች እሱ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል፣ እሷም እንደ ደነገጠች በቅሎ አንዴ ዘልላ ትነሳለች። ዐሥር ዓመት እስኪሞላኝ መኪና የሚባል ነገር ሁሉ በሰው ትከሻ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት በሌለ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ እሄድ ነበር። «ጥሩዬ፣ አሁን ስንተኛ ላይ ነን?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የሞተሩን ድምፅ አዳምጬ «ሦስተኛ!» እላለሁ። ስቼ አላውቅም ነበር።

ዐሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በጥር ወር፣ ከአንድ መፈልፈያ ደጅ የተደረደረ የሩዝ ጆንያ ተንዶ በግራ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። የሾፌር ግራ እግር የፍሪሲዮን እግር ነው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ እንደገና መንዳት ሲጀምር፣ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ትንፋሹን ይዞ፣ ጉልበቱን ከላይ በእጁ እየገፋ ሲረግጥ አየው ነበር። እስከ ታች ሊረግጠው ስለማይችል ፍሪሲዮኑ በግማሽ እየተያዘ ይቃጠል ጀመር፤ ማታ ቤት ሲገባ ሽታው ከኮቱ ጋር አብሮ ይገባ ነበር። አንድ ቀን የአንበሳሜን ዳገት ወጥተን እንደ ጨረስን መኪናዋን ጥግ አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «አባዬ፣ አሞሃል?» ስለው «ፀሐዩ ነው» አለኝ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም እንዳያፍር ብዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ጋራዥ የሚሠራው የእናቴ ወንድም አያሌው መጣ። አባዬ አሮጊቷን ፒካፕ፣ እማዬም ሁለት ላሞቿን ሸጠው ደህና መኪና እንዲፈልግላቸው ልከውት ነበርና፣ ሁለት አግኝቶ ነበር።

«ሁለቱም እንደ መንትያ ናቸው» አለ። «ሞተራቸው ትልቅ፣ ጉልበታቸው የበሬ፣ ጋቢናቸውም ድርብ ነው። የሚለያቸው አንዱ ማኑዋል፣ አንዱ አውቶማቲክ መሆኑ ብቻ ነው። አውቶማቲኩ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፤ ቀኝ እግር ካለህ ይበቃሃል።»

«እንግዲህ እግዜር ላንተ ብሎ ያስቀመጠው አይደል!» አለች እማዬ።

አባዬ ጢሙን አሻሸ። «ፎገራ ክረምት አለው» አለ በመጨረሻ። «ማኑዋል ጭቃ ቢይዘው ፊትና ኋላ እያወዛወዝሁ አወጣዋለሁ። ሞተሪኖው ቢሞት ዐሥር ሰው ገፍቶ ያስነሳልኛል። አውቶማቲክ ግን አገር ቢገፋው አይነሳም። ቢበላሽስ? ወረታ ላይ ማን ይፈታዋል?»

«እግርህስ?»

«እግሬ ይለምዳል።»

«እስካሁን መች ለመደ!» አለች እማዬ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ለቀልድ ነበር፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ አጠገቤ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። የቱ ይሻለኛል?»

ግንባሩ መሪው ላይ እንደ ተደፋ ታየኝ። «ፍሪሲዮን የሌለው» አልሁ።

ሳቀና «በቃ፣ ዳኛው ፈርዷል» አለ። እማዬ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ።

ግንቦትና ሰኔ የደስታ ወራት ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ተሰልፈው በበሩ አጮልቀው ያዩና «ሦስተኛው መርገጫ የታለ?» ይሉ ነበር። አባዬ ግራ እግሩን ዘርግቶ፣ አንዳንዴም እያንጎራጎረ ይነዳ ነበር። የማርሽ ጨዋታችን ቀርቶ ነበር፤ መኪናዋ በራሷ ስለምትቀይር እኔም ልለየው አልችልም፣ እሱም አይጠይቀኝም ነበር። እማዬ አንድ ቀን ኮቱን ስታጥብ አሸተተችውና ለብቻዋ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

ከዚያ ክረምት ሆነ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ፈሰሱ፤ ከወረታ ወደ ሐይቁ ያለው አገር ሁሉ ውኃና ሩዝ ሆነ። ታላቅ እኅቴ ስመኝ ባለፈው ዓመት ያገባችው እዚያ ሜዳ ውስጥ፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ከሚሆን ቀበሌ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇንም ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ባሏ ደሴ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደጃችን ደረሰ።

«ምጥ ከያዛት ትናንት ጠዋት ነው፤ ልጁ እምቢ አለ» ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ዝናቡ ሁለት ቀን ፋታ ሰጥቶ ነበር። አባዬ ቁልፉን ይዞ ሲነሳ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው፤ እኔም እታለም ስመኝ ካለችበት ካልሄድሁ ብዬ አልቅሼ ከደሴ ጋር ከኋላ ገባሁ። አባዬ የቻለውን ያህል የእርሻውን ከፍታ ከፍታ ይዞ ነዳ። ዋልካው ጭቃ ጎማውን ይውጠው ነበር፤ ውኃው አንዳንድ ቦታ በር ድረስ ይመጣ ነበር፤ መኪናዋ ግን እያጓራች ወጣችው። «አያችሁ፣ ጎበዝ ናት» ይል ነበር አባዬ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን ወደ ቀዩ እየወጣ ሄዶ፣ ቀበሌው ስንደርስ ከሞተሩ እንፋሎት ይወጣ ነበር። «ስመኝን እስክታወጡ መኪናዋ ትንሽ ትቀዝቅዝ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ስመኝን በአራት ሰው አምጥተው ከኋላ ወንበር አስተኟት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁላት። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። አባዬ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ጨምሮ፣ መርፌው እስኪወርድ ጠብቆ ገባና ቁልፉን አዞረ።

«ጠቅ» አለ። ደግሞ አዞረ። «ጠቅ።» መብራቱ ይበራል፣ ጥሩምባውም ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን ዝም አለ። ወርዶ ከሥር ገባ፣ በድንጋይ ቀጠቀጠ፣ ተመልሶ አዞረ። «ጠቅ።»

«ሞተሪኖው ውስጥ ጭቃ ገብቷል» አለ፤ ማንን እንዳናገረ አላውቅም።

የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ ነበር። እነዚያ ሰዎች የአባዬን አሮጊት ፒካፕ ለዓመታት ሲገፉ የኖሩ ናቸው፤ መኪና ሲቆም የሚደረገውን ያውቃሉ። ማንም ሳይነግራቸው ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ከኋላ ተደረደሩ።

«አይነሳም» አለ አባዬ። «ይኼ ሲገፋ የሚነሳ አይደለም።»

የደብሩ አገልጋይ ቄስ ሞገስ ጥምጥማቸውን ለአንድ ልጅ ሰጥተው መጡና «አንተ መሪህን ያዝ እንጂ ይርጋ፣ መግፋቱን ለእኛ ተወው» አሉት።

«አባ፣ እውነቴን ነው የምለዎት፣ መኪናው አውቶማቲክ ነው…»

«እግዚአብሔር ያለበት ነገር ሁሉ ይነሳል፤ ግባ!»

አባዬ ወደ ስመኝ አየ፤ ከዚያም ገባ። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ጭቃ ውስጥ እየሰመጡ፣ «ያዝ! እንዴ! በርቱ!» እየተባባሉ ገፉ፤ ጎማው ተንከባለለ፤ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ደግመው ገፉ። ሴቶችም ገቡበት። ስመኝ ዓይኗን ገልጣ «ጥሩዬ፣ ለምን አይሄድም?» አለችኝ። «አሁን ይሄዳል እታለም» አልኋት። አባዬን በመስታወቱ አየው ነበር። እንደማይነሳ ያውቃል፤ ግን ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ላብ፣ የስመኝን ጩኸት ከኋላው እየሰማ በቃችሁ የሚልበት አፍ አጣ። ቁልፉን ያዞራል፣ ይመልሳል፣ ያዞራል። ስንት ጊዜ እንደ ገፉ አላስታውስም፤ ፀሐይዋ ግን አናታችን ላይ ደርሳ ነበር።

በመጨረሻ በሩን ከፍቶ «አውርዷት!» ብሎ ጮኸ። «ገደልኋት፤ አውርዷት! ቃሬዛ አምጡ!»

ቃሬዛውን በአራት በአራት እየተቀያየሩ ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ሰላሳ ሰው ይሆናል። እማዬና እኔ ከጎን ጎን ስንሮጥ አባዬ ምርኩዝ ይዞ ተከተለን፤ ግራ እግሩ ከጭቃው አልነቀል እያለው ወደ ኋላ ቀረ። ዞሬ ዞሬ ሳየው መጀመሪያ ፊቱ፣ በኋላ ኮቱ፣ በኋላ ከሩዙ መሐል የቆመ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ይታየኝ ነበር። ልጠብቀው ወይስ ልሩጥ? ቆምሁ፤ እማዬ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ።

አስፋልቱ ላይ መንገደኛ መኪና አንስቶን ጤና ጣቢያ ስንደርስ ቀኑ ወደ ማዘንበሉ ነበር። ስመኝ ተረፈች። የወለደችው ወንድ ልጅ አልተረፈም። አዋላጇ እጇን እየታጠበች «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና የእማዬን ፊት አይታ ተወችው።

አባዬ ሲመሽ ደረሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርሁ።

«ስመኝስ?»

«ደህና ናት።»

«ልጁስ?»

ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቅሁለት። አባዬ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ጭቃው ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር።

በመስከረም ውኃው ሲሸሽ አጎቴ አያሌው ሄዶ ሞተሪኖውን ፈታው። ከውስጡ የወጣው አንድ ጭብጥ ጭቃ ነበር። አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ መልሶ አሰረው፤ መኪናዋም በአንድ ቁልፍ ተነሳች። «ይኼው ብቻ?» አለች እማዬ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አንድም ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ አንድ ሰው «ፍሪሲዮን የሌለው ያልሽው አንቺ ነሽ» እንዲለኝ ጠበቅሁ። በየምሳው ጠበቅሁ፤ በጥቅምት ጠበቅሁ፤ ሩዙ ሲታጨድ ጠበቅሁ። ማንም አላለኝም። ቢሉኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

አባዬ አሁን አርጅቷል፤ መንዳት ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። ዘንድሮ ባለቤቴና እኔ ሩዝ የምናመላልስበት ፒካፕ ለመግዛት ስናስብ፣ ያው ሁለት ዓይነት ነው የቀረበልን። ባለቤቴ «አባትሽን ጠይቂ እንጂ፣ ሾፌር አይደሉም?» ሲለኝ ወረታ ሄድሁ፤ ስደርስ ግን የጠየቅሁት ሌላ ሆነ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ ማኑዋሉን ብንገዛው ኖሮስ?»

ግራ ጉልበቱን በእጁ ያዘ። «በዚያ ጭቃ ማርሽ ስቀያይር ይኼ ጉልበት ግማሽ መንገድም አያደርሰኝ ነበር» አለ። «ደርሼስ ቢሆን? እንጃ። እኔ የማልረሳው ሌላ ነው። እንደማይነሳ እያወቅሁ ሰዉን ሳስገፋ ያ ሁሉ ሰዓት ሄደ። እሱ የእኔ ነው ልጄ፤ ያንቺ አይደለም።»

ሊያጽናናኝ ብሎ ይሁን፣ እውነት ይሁን አላወቅሁም። መኪናውንም እኔ አልመረጥሁም፤ ባለቤቴ መረጠ።

ዛሬ ወደ ስመኝ ቀበሌ ጠጠር መንገድ ገብቷል፤ ከክረምቱ ክፉ ሳምንታት በቀር ባጃጅ ደጇ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሴት ልጆቿን የወለደችው ቀኗ ሳይደርስ ቀድማ ወረታ መጥታ፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ከርማ ነው። ልጆቿ ያን ሜዳ በባጃጅ በግማሽ ሰዓት አቋርጠው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያለፈውን አያውቁትም፣ የሚያውቁበትም ምክንያት የለም። ያኔ መንገድ አልነበረንም፤ የነበረን ሰው ነበር። ሰዉም የቻለውን ሁሉ ገፋ፣ የቻለውን ሁሉ ተሸከመ፤ አልበቃም።