ከዚያ የመጣው የልብስ ማጠቢያ

ዋርሳዬ፣ ማለትም የባሌ ታላቅ ወንድም፣ አናጢ ነው። ሰው አገር በዕቃ መጋዘን ጥቂት ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ ግን ዋና ሥራው ዋጋ ማነጻጸር ሆኗል። ለልጄ የገዛሁትን ጫማ ገልብጦ ሶሉን አየና «እዚያ ይሄን ውሻም አያደርገው» አለኝ። ውሻ እዚያ ጫማ ያደርጋል እንዴ ስለው፣ ኮስተር ብሎ «ያደርጋል» አለ። ምን ይባላል!

«እዚያ አንድ ቤተሰብ በዓመት ለዕቃ የሚያወጣውን እኛ ዕድሜ ልካችንን አናወጣውም» ሲል ከራሱ ኪስ የወጣ ይመስል ደረቱን ይነፋል። እሱ ግን ከዚያ ሲመጣ ካልሲ እንኳ አልገዛም።

የሚስቱ ወገብ ባይሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። የልጆቿን ሁሉ ልብስ በእጇ ስታጥብ ኖራ ቀና ማለት አቅቷታል። ሐኪሙም ካሁን በኋላ መጎንበስ የለም ብሏታል። እኔና እሷ ሱቅ ሄደን ባለ ሁለት ገንዳውን ማጠቢያ መረጥን። ውሃ በጆግ ትሞያለሽ፣ ቁልፉን ታዞሪያለሽ፣ በቃ። እሱ ተከትሎን መጣና ሻጩ ፊት ሳቀ።

«እዚያ ይሄን በነጻ ብትሰጪ የሚያነሳው የለም!»

«እዚህ እኔ አነሳዋለሁ» አለች።

«በዚህ ወገብሽ?»

ሻጩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ደህናውን ከዚያ አስመጣልሻለሁ» ብሎ አስጠበቃት። እሷም ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች፤ የልጅ ልብስ መርከብ እስኪመጣ አይጠብቅማ።

ማሽኑ መጣ። የመስታወት በር፣ የሚያበራ ቁልፍ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ያየዋል። ሰካው፣ ተጫነው። ጮኸና ቀይ አበራ። ለካ የሚጠጣው በኃይል ከሚወርድ ቧንቧ ብቻ ነው፤ የኛ ቧንቧ ደግሞ ሲመጣ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ የምንኖረው በበርሜል ውሃ ነው። በሳሙና ማስገቢያው በጆግ ሊያጠጣው ሞከረ። ወለሉን አጠበ።

«ጋሼ፣ እዚያ ውሃ በበርሜል ነው እንዴ?» አልኩት።

«እዚያማ ቧንቧው…» ጀመረና ተወው። ያን ሁሉ ዋጋ ሲያነጻጽር፣ ቧንቧው ውስጥ ውሃ መኖሩን ከሒሳብ አላስገባውም!

ሚስቱ አልተጣላችውም። ጫማዋን አጥልቃ ወጣችና ጣሪያው ላይ ታንከር ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ማሽኑን ወደደው፤ ሊገዛውም ተስማማ። ዋርሳዬ ስለ ዋጋው አፉን ሲከፍት «ዝም በል፣ ሰውየው ቸኩሏል» አለችው።

የዚያኑ ዕለት በሽያጩ ገንዘብ ባለ ሁለት ገንዳው ቤት ገባ። ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ዋርሳዬ ነው። ቀጥ ብላ ቆማ ልብሱን ስትጨምር እያየሁ፣ ይቺ ሴት ገና ትድናለች አልኩ በልቤ። እሱ ሰጋቱራ የለበሰ ሱሪውን ይዞ መጣ።

«ይቺንም ጨምሪልኝ።»

ጆጉን ሰጠችው።

«መጀመሪያ ውሃ ቅዳ።»

ቀዳ።