አፈ ማር ቃል ያጣችበት ቀን

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «አፈ ማር» ይላታል። የታመመ ሲኖር ጸልዪልን ተብላ ትጠራለች፣ የሞተ ሲኖርም ትጠራለች፤ ቃል ጠፍቷት አያውቅም። ሲያመሰግኗት ደስ ይላታል፤ ማንስ ቢሆን አይጠላም። በእግሯ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ከደንበኛ ጋር ስለ መጋረጃው ዘርፍ ስፋት እየተከራከረች እንኳ ከንፈሯ ይጸልይ ነበር። ይህን እንደ ጸጋ ነው የምትቆጥረው። ልቧ ከከንፈሯ ጋር መሆኑን ካረጋገጠች ግን ስንት ዘመን ሆናት!

አንድያ ልጇ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ከክፍሉ ውጭ ጠራትና፣ «እናቴ፣ የምንችለውን እያደረግን ነው። የዛሬን ካለፈች…» ብሎ ሳይጨርሰው ሄደ።

ስትመለስ እህቷ አልጋው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሻል። ለአገሩ ሁሉ ጸልየሽ ለልጅሽ አፍሽን ትይዣለሽ?»

እናት እጇን በትኩሳት በሚነደው የልጅቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ቃሉ ሳትጠራው መጣ። «ሰጪም አንተ፣ ነሺም አንተ…» ድምፅዋ አማረ፤ የሌሎቹ ሕመምተኞች አስታማሚዎች ከየአልጋው አጠገብ «አሜን» አሉ። እሷ ግን በግማሽ በተከደነ ዓይኗ የመስኮቱን መጋረጃ ነበር የምታየው። ጠርዙ ተጣሞ ተሰፍቷል፤ ማን ይሆን የሰፋው እያለች ታስባለች። አፏ ቀጠለ፦ «…ነፍሷን በሰላም አሳርፍ፤ ለቀሩት ቤተሰቦቿም መጽናናትን ስጥ።»

እህቷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። የቀብሩን ጸሎት ነበር የጸለየችው።

«እማዬ፣» አለች ልጅቷ በደረቀ ከንፈሯ፣ «እኔ እኮ ገና አለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። እናትን የገደላት ይኼ ፈገግታ ነው።

«ድካም ነው፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነው፣» ብላ እህቷ ልታጽናናት ሞከረች፤ እሷም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች። እናት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ቃል ፈለገች። ያገኘችው ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ይኼን ለአናጢው ሚስት ብላዋለች፣ ያኛውን ለዳቦ ጋጋሪው ሬሳ። ለልጇ የሚሆን አንድም አልተረፈም። እንዲህ ያለ አፍ ይቆረጥ አለች በሆዷ። ልጄ ማንም ሳይጸልይላት ልትሄድ ነው ብላ አሰበች።

«ዝም አልሽ?» አለች ልጅቷ።

«ቃል አጣሁ፣ ልጄ።»

«ለእኔ ብቻ የሚሆን ትንሽ እንኳ የለሽም?»

እናት ግንባሯን የአልጋው ብረት ላይ ደፋች።

«አትውሰዳት፣» አለች። «ፈርቻለሁ። ሌላ የለኝም። እባክህ፣ አትውሰዳት።»

ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ አሜን ማለቱንም ረሳችው። አስታማሚዎቹም አሜን አላሉም፤ ጸሎት መሆኑን ማንም አላወቀም።

«እሱን ድገሚው፣» አለች ልጅቷ።

እናት ፈራች። እስከዛሬ የደጋገመችው ሁሉ አፏ ላይ ሞቶባታል፤ ይኼም እንዳይሞትባት ፈራች። ልጅቷ ግን እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ የእናቷ ሻሽ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እጇ አሁንም እንደ እሳት ይፋጃል።

«አትውሰዳት፣» አለች እናት፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶው አላስጨረሳትም።