ስልኬ ያወጣልኝ ስም

ልጄ ስልኬ ላይ የምትጭንልኝን ነገር ሁሉ፣ ምንነቱን ሳልጠይቅ አላስገባም። መጀመሪያ የጾምና የበዓላት መቁጠሪያውን ጫነችልኝ፤ ደስ አለኝ። ቀጥላ ስንክሳሩን አመጣች፤ ፊደሉን እንደ ዓይኔ አቅም ስለማተልቀው እሱንም ወደድኩት። ታክሲ የሚጠራውን ግን ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ሚኒባስ እያለልኝ ምን ይሠራልኛል ብዬ መለስኩት። በመጨረሻ "እማዬ፣ ይሄ ከሌለሽማ ስልክ አለኝ አትበይ" ብላ ያመጣችው፣ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የደዋዩን ስም የሚያሳየውን አፕ ነበር። አጭበርባሪው በዝቷልና እሺ አልኩ።

በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ እሷው ላይ ነበር። አንድ ጨዋ ልጅ ሊያገባት ይፈልጋል። እናቱ ቀራንዮ የሚኖሩ የሸዋ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አግኝተውኝ ቁጥሬን ተቀበሉና፣ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት እደውላለሁ አሉ። ጎጃሜ መሆኔን ሲሰሙም "መቼም ደብተራ ዘመድ አይጠፋዎትም" ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅኩላቸው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። አገሬ ሩቅ ነው፤ ኮልፌ ውስጥ አባቷ እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ፣ ወገኗ እነ እገሌ ናቸው ብሎ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው የለኝም። ዝምታቸው ቀን ከሌት ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ልጄ አፑን ጭና እንደጨረሰች፣ ይሠራ እንደሆን ልይ ብላ የኔኑ ቁጥር አስገባች። ፊቷ ተለዋወጠ። ስልኩን ልትደብቀኝ ስትል ነጠቅኳት። በኔ ቁጥር ላይ፣ በወፍራም ፊደል፣ "ጠንቋይ ኮልፌ" ይላል።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩትና ከአጠገቡ ራቅ አልኩ። በጾምና በስግደት የኖርኩት ሴትዮ! ማን ነው እንዲህ ያለኝ ብዬ ጮህኩባት። አፑ ሰዎች ስልካቸው ላይ ቁጥሩን በምን ስም እንደመዘገቡት እየሰበሰበ እንደሚያሳይ አስረዳችኝ።

"አንቺን እኮ አይደለም እማዬ፣ ቁጥሩን ነው።"

ያኔ ገባኝ። የድሮ ስልኬን ፌርማታ ላይ ሰርቀውኝ በሌላ ቁጥር አዲስ ሲም ካርድ አውጥቼ ነበር። ለካ ቁጥሩ ከኔ በፊት የሌላ ሰው ነበር። እየደወሉ "አባባ አሉ?" የሚሉኝ፣ አንዳንዴም የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ደግ ሽማግሌ ቁጥር ቀይረው ይሆናል እያልኩ፣ ተሳስተዋል ብዬ በትሕትና እዘጋው ነበር።

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ልጄ ቀስ ብላ፣ በልጁ እናት ስልክም ላይ ይሄው አፕ እንዳለ ነገረችኝ። የጫነላቸው ልጃቸው ራሱ ነው።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ቅጥሩ ውስጥ ፈልጌ አገኘኋቸው። የምለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። አፌን ከመክፈቴ በፊት ነጠላዬን ይዘው ወደ ዛፉ ጥላ ወሰዱኝ፣ ግራ ቀኝ አዩና ጆሮዬ ላይ አጎነበሱ።

"አውቄያለሁ፤ አልተቀየምኩም። እስካሁን ያልደወልኩት እንዴት ብዬ እንደምጠይቅዎ ቸግሮኝ ነው። ትልቋ ልጄ ካገባች ቆየች፣ ልጅ አላገኘችም። እስቲ ይዩልኝ።"

ፈርተውኝ ነው ብዬ ላባብላቸው መጥቼ፣ እሳቸው መድኃኔ ዓለም ደጅ ላይ ጥንቆላ ይለምኑኛል! የሲሙን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። እጄን መታ መታ አደረጉና "ይገባኛል፣ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይወራም" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ጠበቀኝ። ይመኑ፣ ምን ቸገረሽ፣ ሽማግሌውን ይላኩ እንጂ አለችኝ። ያሳደግኳት ልጅ! እናትሽን ጠንቋይ ናት ብለው ፈርተው የሚቀበሉሽ ቤት አትገቢም አልኳት። አኩርፋ ተኛች።

በማግስቱ ቀራንዮ እናቱ ቤት ሄጄ ስልኬን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ነገ እሳቸው ጋ ይደር፣ የደወለውንም ሁሉ ራሳቸው ያንሱ አልኩ። ግራ ገብቷቸው ተቀበሉኝ። ልወስድ ስመለስ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። የሚደውለው ሁሉ የሚፈልገው አባባን ነው፤ ጠንቋዩ ወንድ ነው ለካ አሉ። ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እሁድ ሽማግሌ ቢልኩ እቀበል እንደሆነም ጠየቁ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም፤ ይምጡ አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ማን ማን እንደደወለ ልይ ብዬ ስልኩን ስከፍት፣ ከኔ ስልክ የተደወለ አንድ ቁጥር አየሁ። ረጅም ጊዜ ተወርቶበታል። ደወልኩበት። በድምጿ አወቅኳት፤ እያለቀሱ ከሚደውሉልኝ አንዷ ናት።

"ትናንት ያነጋገሩኝ እናት ነዎት? አባባ የት እንደገቡ እኔም አላገኘሁም አልኩዎት እኮ" አለችኝ።

የልጁ እናት በኔ ስልክ ጠንቋዩን ሲያፈላልጉ ነበር ለካ! አፍሬ ረዳቱን ወራጅ አለ አልኩና ካሰብኩበት ሳልደርስ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። አዎ ብያለሁ። ልጄም ይሄኔ ሰምታ በደስታ ሰፈሩን ታዳርሳለች። ትልቋ ልጃቸው ደግሞ ምን አደረገች? ያቺ ምስኪን መካን ሆና ስንት ተሰቃይታ ይሆናል።

ደወልኩላቸው። ወዲያው አነሱ።

"እሁድ ሽማግሌው ይምጣ። ቅዳሜ ግን ትልቋን ልጅዎን ይዘው ከኔ ጋር ጸበል ይሄዳሉ። አባባ የሚሉትን ሰውዬም ከዛሬ ጀምሮ አይፈልጉም። አለዚያ እሁድ በሬ ዝግ ነው።"

ዘጉት መሰለኝና ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልዘጉም።

"በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አሉ።