የብረት ጎማ በጀፎረው ላይ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አረፋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በምሠራባት ጉብሬ ከተማ ከባጃጅ ወርጄ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ፣ መካኒኩ በናፍጣ ያጠበውን ኩሽኔታ ጣቱ ላይ አጥልቆ አሽከረከረው። ያ ቀጭን የብረት ፉጨትና የግሪሱ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ቆሜ ቀረሁ። "ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?" ሲለኝ አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን ከቡታጅራ በላይ ወዳለው መንደራችን ሄዶ ነበር።

በእኛ መንደር አዲስ አበባ የከረመ ሁሉ ለአረፋ አገሩ ይገባል። በበዓሉ ማግስት ጀፎረው፣ በቤቶቹ መካከል ቁልቁል የሚወርደው ያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ የጋሪ መወዳደሪያ ይሆናል። ጋሪውን የሚሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ጎማው ከባሕር ዛፍ ግንድ ተቆርጦ ይጠረባል፣ መሪው ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ ነው፣ ዘንጉ ሲጥ ሲጥ እንዳይል ደግሞ እናቶች ለክትፎ ካስቀመጡት ቅቤ እየተሰረቀ ይቀባል፤ በዚያ ሰሞን ከልጅ ሁሉ ላይ የቅቤና የእርጥብ እንጨት ሽታ ይመጣ ነበር። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናጨበጭባለን።

እኔ ግን መንዳት እፈልግ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ያወቀብኝ ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ብቻ ነው፤ ዳር ቆሜ እጆቼ የሌለ ገመድ ሲጎትቱ አይቶ መሰለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠራ የነበረው ነስሩ፣ ለጋሪ ጎማ የሚሆኑ አራት የሚያብረቀርቁ ኩሽኔታዎች በከረጢት ይዞ መጣ። "ዘንድሮ የምትነጂው አንቺ ነሽ" አለኝ። ጋሪውን በረንዳችን ሲሚንቶ ላይ ስንሞክረው በረረ። ሌሊቱን ግን ዘነበ።

ጠዋት መላው መንደር እያየኝ ገመዱን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ውድድሩን የሚያስጀምሩት ሽማግሌ፣ አባ ከድር፣ ቆፍያቸውን ከፍ አድርገው ሲያወርዱት ነስሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋኝ። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች እርጥቡን ሣር ሰንጥቀው እስከ ዘንጋቸው ሰመጡ። የእንጨቶቹ ጋሪዎች እየተንገጫገጩ አለፉን።

"ነስሩ! አስፋልቱንም ይዘኸው መምጣት ነበረብህ!" አለ የጎረቤታችን ልጅ ደሳለኝ፣ ቁልቁል እየተንደረደረ።

"ወላሂ፣ ይሄ እርሻ ነው እንጂ ውድድር አይደለም፤ በሬውን ፍቱት!" አሉ አባ ከድር።

አለቀስኩ። ነስሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እየሳቀ አዘለኝና ጀፎረውን እስከ ታች ወረድን። "ለሚመጣው አረፋ የእንጨት ጎማ እጠርብልሻለሁ" አለኝ። "የምገፋሽም እኔው ነኝ።"

ለሚመጣው አረፋ ነስሩ ደቡብ አፍሪካ ነበር። አሁንም እዚያው ነው። በየበዓሉ ይደውላል፤ ከኋላው የሱቁ ጫጫታና በአካል አይቻቸው የማላውቃቸው ልጆቹ ድምፅ ይሰማል። ስለ እናታችን ጤና፣ ስለ ሥራዬ እናወራለን። ስለ ጋሪው ጠይቄው አላውቅም። ረስቶት እንደሆነ ከምሰማ ባላውቅ ይሻለኛል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ አውጥቻለሁ፤ ያቺን አጭር የሣር ቁልቁለት ግን አንድም ቀን አልነዳኋትም።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መንደራችን ሄድኩ። ጀፎረው አናት ላይ ልጆች ጋሪ ይሞክራሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ሰላምታ ሰጥቻቸው ብዙ ቆሜ፣ በመጨረሻ "አንዴ ልንዳው?" አልኩ። ተያዩና ሳቃቸውን ዋጡ። አንደኛዋ ወርዳ ገመዱን አቀበለችኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ የሚገፋሽ ማነው?" አለችኝ።

ሳላስበው ወደ ኋላዬ ዞርኩ።