ዶሮ ሳይጮህ የተጠጣ ውሃ

ባለፈው ሳምንት አባባ ውሃ አልጠጣም አሉ። ዘጠናን ካለፉ ወዲህ ሐሳባቸው ወጣ ገባ ይላል፤ ጥቅምቱን ሚያዝያ ያደርጉታል። እህቴ ጽጌ ብርጭቆ ይዛ ስትጠጋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ገና ዶሮ አልጮኸም» አሏት።

የካዛንቺሱ ግቢያችን ከፈረሰ በኋላ የገባነው ቄራ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ ዶሮ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። እኔና ጽጌ ግን ተያየን፤ የትኛውን ዶሮ እንደሚሉ ገብቶናል።

ያኔ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ጽጌ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። በዐቢይ ጾም መካከል ታይፎይድ ጣላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። ሐኪሙ እናታችንን «መድኃኒቱ የድርሻውን ሠርቷል፤ ከእንግዲህ የሚያነሳት ምግብና ፈሳሽ ነው» አላት። እናቴም ከጓዳ አልወጣ አለች። የአጃ አጥሚት፣ በማር የተበጠበጠ ተልባ፣ ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ፤ ሁሉም በየተራው ይቀርባል። ጉንጯ ሞላ ማለት ሲጀምር ሰሙነ ሕማማት ገባ።

ለካ ጽጌ አልጋ ላይ ሆና ተስላለች። ከዳነች አክፍሎት ልትይዝ፣ ማለት ከስቅለት ጀምሮ የትንሣኤ ሌሊት ዶሮ እስኪጮህ እህል ውሃ ላትቀምስ። ይህ ለጤነኛም ይከብዳል። እኔማ ሆዴን ስለምወድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንኳ ዓመት ይሆንብኝ ነበር። አባባ ግን ከጉልምስናቸው ጀምሮ አንድም ዓመት አጓድለው አያውቁም ነበር። በቢሮም በሰፈርም የሚከበሩት በዚሁ ነበር። ጽጌም የተማረችው ከእሳቸው ነው።

ዓርብ ዕለት በዚያ ፀሐይ ስትሰግድ ዋለች። እናቴ ለመነቻት፤ አባባ «ስለት ነው» አሉ። ማታ የካዛንቺስን ዳገት ደግፌ አወጣኋት። ክንዷ እሳት ነበር፤ ላብ ግን የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት መነሳት አቃታት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ውጭ ግቢው በሽንኩርት ቁሌት ታውዷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለፋሲካ ዶሮውን ይዟል። ቄጠማ ሊያድሉ የመጡት የንስሐ አባታችን አዩዋትና ደነገጡ።

«ልጄ፣ የታመመ አይጾምም። ስለትሽን ስትድኚ ታደርሺዋለሽ» አሏት።

ፍንክች አላለችም። እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ታለቅሳለች። እኔ ያን ጊዜ እህቴ እንደምትሞት እርግጠኛ ነበርኩ።

«ጠጪ፣ ጽጌ» አሉ አባባ።

«ዶሮ ሳይጮህ? እርስዎስ ይጠጣሉ?» አለቻቸው።

አባባ ግንባራቸው ላይ ቄጠማውን እንዳሰሩ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ብርጭቆውን ከእናቴ እጅ ተቀበሉ።

«ለእኔ ጮኾልኛል» አሉና ግማሹን ጠጡት። የተረፈውን ወደ ከንፈሯ አስጠጉላት፤ ጠጣች። ከዚያ በኋላ እናቴ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እያለች አዋለቻት፣ ሲመሽ አጥሚት ያዘላት። ለፋሲካ ዶሮው ቀርቶባት ሾርባ ብቻ ብትቀምስም፣ ትራስ ተደግፋ ከገበታው ቀረበች።

አባባ ስለዚያ ቅዳሜ ዳግመኛ አንስተው አያውቁም። እኛም አልጠየቅናቸውም። ያን ዕለት ምን እንደሰጡ በልጅነቴ አልገባኝም፤ ውሃ ጠጡ ብዬ ነበር ያለፍኩት። ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ነገር ለልጁ ሲል በገዛ እጁ ማፍረስ ለሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ራሴ ስወልድ ነው። ጽጌ ግን ያኔውኑ ገብቷት ኖሯል። ይኸው እስከ ዛሬ ቤቷ የገባ እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው «ውሃ ጠጥተሃል?» የሚል ነው፤ እኛም ሲያሻን እንስቅባታለን።

ባለፈው ሳምንት ግን አልሳቅኩም። ጽጌ አልተከራከረቻቸውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ለእኔ ጮኾልኛል፣ አባባ» አለችና ከብርጭቆው ተጎነጨች።

አባባ ከግድግዳው ቀስ ብለው ዞሩ። ብዙ አዩዋት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱላት።