በእማማ ውዴ ደጅ የቀረው ድንጋይ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ባለፈው ዓመት ጣራ ገዳም ድረስ ወጥቼ፣ ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በበዓል ቀን መዝገብ ማገላበጤን አንድ በአንድ ዘረዘርኩና ይህችን ብቻ በጥርሴ ይዤ ወረድኩ። መነኩሴው «ሌላስ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በችሎት ፊት ቃል ጠፍቶኝ የማያውቀው እኔ «ሌላ የለም አባ» አልኩ። እንዴት የለም? አለ እንጂ! ዛሬ ልጽፈው ስቀመጥ ልቤ እንደ መጀመሪያው የችሎት ቀኔ ይዘላል፤ ስለዚህ ሳልቀዘቅዝ ልንገርህ።

ጠበቃ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ «መኪና የገጨው ዘመድ ካለህ እሱ ዘንድ ሂድ» የሚባልልኝ ጠበቃ ነኝ። ይህን ስም ያገኘሁት በአንድ መዝገብ ነው፤ ኃጢአቴም ያለው እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። ያኔ ፈቃዴን ካወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቢሮዬን የሚያንኳኳው ከጉና የሚወርደው ነፋስ ብቻ ነበር፤ እኔም በሩ በተንኳኳ ቁጥር ክራባቴን አስተካክል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ባለባጃጅ በሬ ላይ ቆም ብሎ፣ በእብናት መንገድ ላይ ሚኒባስ አንዲት እናት መግጨቱን ነገረኝ። ሹፌሩ ስልክ እያወራ ነበር አሉ። ሴትዮዋ ገብሳቸውን ሸጠው በመንገዱ ዳር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው የገጫቸው፤ አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ደቋል። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። የሰው እግር ደቀቀ ሲሉኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን የጠየቅሁት ብርቱካን የት እንደሚሸጥ ነው።

ብርቱካኔን አንጠልጥዬ፣ ጠያቂ መስዬ ሆስፒታል ገባሁ። እማማ ውዴ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የዘመድ ልጅ መስዬአቸው የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ መረቁኝ። ጠበቃ ነኝ ስላቸው፣ ጠበቃ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ፈለጉ። «ስለ እርስዎ የሚናገር ሰው ነው እማማ፤ እርስዎ ዝም ይላሉ፣ እኔ እናገርልዎታለሁ» አልኳቸው። ነገሩ በጣም ገረማቸው። መኪናው መድን እንዳለው፣ ካሳው ከሹፌሩ ኪስ እንደማይወጣ፣ መክሰስ ማለትም በልጁ ላይ መጨከን እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። በውክልናው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት ይህን ከሰሙ በኋላ ነው።

ከዚያ አስማልኳቸው። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ይቅር የምትል ቃል ከአፋቸው እንዳትወጣ፣ ለማንም ቢሆን፣ ቃል አስገባኋቸው። እሳቸውም ገቡ። ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ላይ በጣታቸው ፈርመዋል።

ለምን አስማልኳቸው? ለረጅም ጊዜ ለራሴ ስሰጠው የኖርኩት መልስ ይህ ነው፦ ሽማግሌ ይመጣል፣ መስቀል ይቀርባል፣ ተበዳይ ያፍራል፣ «ለእግዜር ብዬዋለሁ፣ ካሳም አልፈልግ» ይላል፣ ይህችው ቃል በእርቅ ወረቀት ላይ ትሰፍራለች፣ መዝገቡም ያኔውኑ ይዘጋል። ይህ እውነት ነው፤ ስንቱ ጉዳተኛ እንዲህ ባዶ እጁን ቀርቷል። ነገር ግን መድኃኒቱንም አውቅ ነበር። «ቂም አልይዝም፣ ካሳዬን ግን ከመድኑ እጠይቃለሁ» የምትል አንዲት መስመር በእርቁ ወረቀት ላይ ባስገባ ይበቃ ነበር። አውቃት ነበር! ተምሬያታለሁ፣ ተፈትኜባታለሁ። ግን የታረቀች ባልቴት ለችሎት አትመችም ብዬ አሰብኩ። ዳኞቹ ቁስሏ ያልሻረ፣ ልቧ ያልበረደ ሴት እንዲያዩ ፈለግሁ። ማሸነፍ ፈለግሁ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሹፌሩ ሙላት ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ነው። እማማ ውዴ በምርኩዝ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ሽማግሌዎች ለሚካኤል ማግስት እንደሚመጡ ላኩባቸው። እኔ ወሬውን ሰምቼ ቀድሜያቸው ደረስኩ። እንግዳ እንዳያየኝ ጓዳ ገባሁና ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ እሳቸው ይታዩኛል፣ ደጁም ይታየኛል። ከእሳቸው በቀር እኔን የሚያይ አልነበረም።

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ መስቀል የያዙ ቄስ ከፊት፣ ሙላት ከኋላ። በማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ለይስሙላ የሚያዝ ትንሽ ድንጋይ አልነበረም፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ነው የደገፈው። ጎንበስ ብሎ ደጅ ላይ ቆመ። ተበዳይ «አውርድ» እስኪል ድረስ እንደዚያ ሆኖ መቆም ነው ወጉ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ቄሱ ስለ እመብርሃን አሉ። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ መሬቱ ላይ ሲንጠባጠብ ከጓዳ ይታየኝ ነበር።

እማማ ውዴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «አው» የምትለዋ ወጥታለች ብል አልዋሸሁም። ከዚያ ቃላቸው ትዝ አላቸውና ዘወር ብለው በመጋረጃው ቀዳዳ ዓይኔን ፈለጉ። ልጄ፣ ልበል? የሚል ዓይን ነበር። እኔም አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ይኸው ነው። አልመታሁም፣ አልሰረቅሁም፣ የሐሰት ምስክር አላቆምኩም። ራሴን ነቀነቅሁ። እማማ ውዴ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከጠበቁ በኋላ፣ ልባቸው ሲራራ እንመለሳለን ብለው ሙላት ድንጋዩን ከበሩ አጠገብ እንዲያስቀምጥ አደረጉ። እሱ ጎንበስ እንዳለ ሄደ፤ የማን ራስ እንደተነቀነቀ ምን ብሎ ያውቃል?

ሙላት የእስር ቅጣቱን ተቀበለ፤ እርቅ ቢኖር እንደሚቀልለትም አውቅ ነበር። የእኔ የካሳ ክስ ግን ከወር ወር እየደመቀ ሄደ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ቁርስ አይወርድልኝም፣ ከደስታ ብዛት። የሐኪሙን ማስረጃ ሳቀርብ፣ የመድኑን ጠበቃ መልስ ሳሳጣው፣ እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ውሸት አልናገርም፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። ታዲያ አንድ ቀን ከችሎት ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቀመጥ እማማ ውዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አባታችን ሆይ ስደግም የይቅርታዋ ዘንድ ስደርስ ዘልያት ነው የማልፍ። ቃል ገብቻለሁ ብዬ። እስከ መቼ ነው የምዘላት?»

ሳቅሁ። ሰማህ? ሳቅሁ። ይህች ባልቴት ለእኔ የገባችውን ቃል ለመጠበቅ ብላ ጧትና ማታ ጸሎቷን ስትቆርጥ ከርማ፣ ነገሩ አስቂኝ ሆኖ ታየኝ። «ጸሎቱን እንኳ ይጸልዩ» ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም፤ ጉዳዬ አልነበረም። እስከ ፍርዱ ቀን ነው አልኳቸውና ወደ መዝገብ ቤቱ ሮጥኩ።

ፍርዱ ወጣ፤ አሸነፍን! የችሎቱን ደረጃ በአንድ ዝላይ ወረድኩት። ስሜ ከዩኒቨርሲቲው እስከ መናኸሪያው በአንድ ቀን ተሰማ፣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ጨበጠኝ። እማማ ውዴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሕዝቡ መካከል ጠበቁኝ። ፊታቸው በርቷል። እኔ በካሳው ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን «እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ልጥራቸው? ያ ልጅ ድንጋዩን ያንሣ» አሉኝ። እኔም መድኑ ይግባኝ እንዳይል ፈራሁና ትንሽ እንዲቆዩ፣ ይግባኙ እስኪያልቅ ብቻ እንዲታገሡ ነገርኳቸው። የፊታቸው ብርሃን ጠፋ። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

እኔ አውቃለሁ! የማውቀውን አውቄ ነው ያደረግሁት።

መድኑ ይግባኝ አለ። መዝገቡ ባሕር ዳር ሄዶ ሲመላለስ ክረምት ገባ፤ እማማ ውዴም በዚያው ክረምት ብርድ መታቸውና ሞቱ። ይግባኙን ከሞቱ በኋላ አሸነፍኩት፤ ካሳውን ልጆቻቸው ወሰዱ። ቀብራቸው ላይ ሙላት መጥቶ ነበር፤ ከእስር ከወጣ ብዙም አልቆየም። ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብሎ ቆሞ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ከእኔ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሄጄ «ልባቸው አልጨከነብህም፣ እኔ ነኝ» ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? ይግባኙ ገና አላለቀም ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እናታቸው እየተቀበሩባቸው ካሉ ልጆች መካከል ቆሜ የማስበው ስለ ይግባኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙላት መሪ አልጨበጠም። ከመናኸሪያው በታች ጎሚስታ ሆኖ ጎማ ይለጥፋል። ዛሬ እኔ መኪና አለኝ፤ ጎማዬን የሚለጥፍልኝ እሱ ነው። ለዓመታት ጎማዬን ሲነፋልኝ አጠገቡ ቆሜ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ሳወራው ኖሬያለሁ። ትናንት ግን፣ እኔ ምንም ሳልጠይቀው፣ ጎማዬን እያገላበጠ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው፤ አልቀየምኩህም። እሳቸው ግን ልባቸው ጨክኖብኝ ሞቱ። ሌት ተቀን የሚከነክነኝ እሱ ነው።»

እኔን ይቅር አለኝ፤ እሳቸውን ግን በልቡ ጨካኝ አድርጎ ይዟቸዋል። እማማ ውዴን! አባታችን ሆይን እየዘለሉ ለከረሙት ሴት! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ እኔ የልካኪውን ዋጋ ስበላ ኖርኩ።

ዛሬ ጧት ወደ መንደራቸው ወጣሁ። ልጃቸው አሁን በቤቱ ትኖራለች፤ ለሙላት ልነግረው የማስበውን አስቀድሜ ለእሷ ነገርኳት። እናቷ ደጁ ላይ ተቀምጠው ያን ድንጋይ እያዩ ይውሉ እንደነበር ነገረችኝ፤ ከዚያ በእጇ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ግማሹ ሣር በቅሎበት እዚያው ነበር። ነቅዬ አነሣሁት። ካሰብኩት በላይ ከባድ ነው፤ እስከ መኪናው ሳደርሰው ሁለት ጊዜ አረፍኩ።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ ሰው ሁሉ በመናኸሪያው በኩል ያልፋል። መኪናዬን ከሩቅ አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ። ሽማግሌ አልላክሁም፤ ስለ እኔ የሚናገር ሰው አልፈልግም። ልቤ ይመታል፣ ግን ከደስታ ጋር የተቀላቀለ ነገር ነው፤ ደስታዬንም አላምነውም፣ አንድ ጊዜ ደስ ብሎኝ ምን እንዳደረግሁ አንብበሃልና። አንተም ማረኝ አልልህም። ያን ድንጋይ በማጅራቴ ይዤ ሙላት ፊት ጎንበስ ስል የመጀመሪያ ቃሌ «እማማ ውዴ አውርድ ሊሉህ ነበር፣ ከጓዳ ሆኜ ራሴን የነቀነቅሁባቸው እኔ ነኝ» የምትል ነች።

ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ።