ከፌልድበርግ በእግሬ ወረድኩ

"አውቶቡስ አልፈልግም፣ በእግሬ ነው የምወርደው!" አልኩ፤ ዛሬ እዚህ ጀርመን፣ ፌልድበርግ ተራራ ላይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በረዶው ላይ ተዘርሬ።

አብራኝ የመጣችው የሥራ ባልደረባዬ "በጣም ቀላል መንገድ ነው፣ ሕፃናትም ይወርዱታል" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሕፃናቱ እየሳቁ አለፉኝ።

(ከቅዳሴ በቀጥታ፣ በቤተክርስቲያን ጫማዬ መሄዴን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።)

ከዚያ፣ አልተንሃይም በሚሉት፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ለአሮጊቶቹ በየቀኑ የምለው ትዝ አለኝ፦ "ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፣ አጭር አጭር ይራመዱ።" ይህንኑ ለራሴ፣ ያውም በአንቱታ፣ እየነገርኩ የአንድ ሰዓቱን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረስኩት።

ነገ ጠዋት ግን እነዚያን እናቶች ከአልጋ ሳስነሳ "ቀላል እኮ ነው!" አልላቸውም።

እናንተስ፣ "ቀላል ነው" ተብላችሁ የወደቃችሁት የት ነው?